በአጥቢያችን አዲስ መሬት ላይ የቆመው የድንጋይ ሽንት ቤት፦ እናፍርሰው ወይስ እናቆየው?

ጥርብ ድንጋይ (ቴክሳስ)፣ ማክሰኞ ምሽት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ርእሱን አይታችሁ ሳትንቁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አጥቢያችን ባለፈው ዓመት ከኦስቲን በስተምዕራብ፣ የአገሩ ሰዎች «የኮረብታው አገር» በሚሉት ምድር ላይ አንድ የቆየ የእርሻ መሬት ገዛ። መሬቱ ላይ ጣሪያው የወደቀ መኖሪያ ቤትና በእጅ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ አለ። ከሁለቱም ራቅ ብሎ በአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ትንሽ የድንጋይ ቤት ቆሟል። መጀመሪያ ሳየው የእህል ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር። በሩን ገፍቼ ስገባ ሽንት ቤት ሆኖ አገኘሁት።

እኔ ግንበኛ ነኝ። አባቴም ጎንደር ውስጥ ግንበኛ ነበር፤ መሮና መዶሻ መያዝ የተማርኩት ከእሱ ነው። ስለዚህ ይህንን ቤት ያየሁት በግንበኛ ዓይን ነው። ከውጭ ሲለካ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። የማዕዘን ድንጋዮቹ በመሮ ተስተካክለው አንዱ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ እየተፈራረቁ ተነባብረዋል። የበሩ ጉበን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ ሦስት ሰው ካልሆነ የሚያነሣው አይመስለኝም። ቱምቢ አውርጄ አየሁት። የሸጡልን ሰዎች እንደ ነገሩን ጀርመናዊ ገበሬ የነበሩት ቅድመ አያታቸው የገነቡት በሰፈራ ዘመን፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ጣት አላዘነበለም።

ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የእንጨት መቀመጫ አለ። ሦስት ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ለአዋቂ ሲሆኑ ሦስተኛው ጠበብ ብሎ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ባለ ጣውላ ላይ ተቀርጿል፤ የሕፃን እግር መሬት እንዲነካ። የዚያች የትንሿ ቀዳዳ ጠርዝ ከሁለቱ ይልቅ አልቋል፤ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ቅል ይለሰልሳል። ከቤቱ ጀርባ ከመሬት ልክ የብረት ቀለበት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ መክፈቻውን ዘግቷል። ጉድጓዱ ሲሞላ የሚጠረገው በዚያ ነበር። የእንጨት ሽንት ቤት ጉድጓዱ ሲሞላ ተነሥቶ ሌላ ጉድጓድ ላይ ይተከላል። የድንጋዩ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ሠሪው ገና ሲጀምር ማጽጃውን አስቦ ሠርቶታል።

የፊታችን እሑድ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አንደኛው አጀንዳ ይህንን ቤት አፍርሶ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ማድረግ ነው። ለካሁት፤ የሚበቃው ለአራት መኪና ነው። ባለፈው ስብሰባ ቃል ስናገር አንድ አባል «ለሽንት ቤት ብለን ጊዜ እናባክናለን?» አሉ፤ ሰውም ሳቀ። እኔም መልስ አጥቼ ተቀመጥኩ። እስከ እሑድ ድረስ መልስ ያስፈልገኛል። እርዱኝ።


እናት ዓለም (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ሥራህን ማክበርህ ደስ ይላል። ነገር ግን እኔም በእኛ አጥቢያ ለስድስት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁና የዚያኛውን ወገን ጭንቀት ልንገርህ። የሕዝቡ ገንዘብ የሚመጣው ሌሊት ታክሲ ከሚነዳ፣ ሆቴል ከሚያጸዳ፣ አረጋውያንን ከሚያጥብ ሰው ነው። ያ ሰው ሃያ ዶላሩን ሲሰጥ የሚያስበው ልጁ ግዕዝ የሚማርበትን ክፍል ነው። የማናውቀው ሰው ቅድመ አያት ለሠራው ሽንት ቤት ጥገና ገንዘብ ወጣ ቢባል ምን ይላል? አገራችን ውስጥ ስንትና ስንት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው እያፈሰሰ ነው!

እንዳትቀየመኝ። ስብሰባው ላይ የሚጠብቅህ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ነው።


ጥርብ ድንጋይ

እህቴ፣ አልቀየምም። እውነት ነው ያልሽው። ስለ ገንዘቡ አስቤበታለሁ፤ ከሕንፃው ሣጥን ሳንቲም እንዲወጣ አልጠይቅም። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ ጉልበቱ የእኔ ነው፤ የሚያስፈልገው ኖራና አሸዋ ብቻ ነው። ማፍረሱም ቢሆን በነጻ አይደለም። ለማፍረሻ ማሽንና ለድንጋይ ማስወገጃ የቀረበው ዋጋ ለጥገናው ከሚያስፈልገው ይበልጣል።


ሠሪ እጅ (ዴንቨር)

እኔም በግንባታ ሥራ ላይ ነኝ። ቀላል ነው። መጋጠሚያውን በጥሩ ሲሚንቶ ድፈነው፣ ከላይ ልስን አድርግበት፣ ቆርቆሮውን ቀይር። በሁለት ቀን ያልቃል፤ መቶ ዓመት ይቆማል።


ጥርብ ድንጋይ

ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንዳልከው አውቃለሁ፤ ነገር ግን እባክህ፣ ሌላም ሰው ይህንን አንብቦ እንዳያደርገው። ይህ ድንጋይ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። የተገነባበት ጭቃም ኖራ ነው። ድንጋዩ ዝናብ ሲመታው ውኃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የጠጣውን በመጋጠሚያው በኩል ይተነፍሳል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ከዘጋኸው ውኃው መውጫ ያጣል፤ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ስለሚጠነክር የሚሰነጠቀውና ፊቱ እየተላጠ የሚረግፈው ድንጋዩ ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ለአሮጌ ግንብ ባወጣው መመሪያ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ማያያዣው ከድንጋዩ የለሰለሰ መሆን አለበት። ማያያዣ በየስንት ዓመቱ ይታደሳል፤ ድንጋይ ግን አንዴ ከረገፈ አይመለስም።

ምሰሶ የምታክል ልዩነት ናት። አባቴ ሲሚንቶ በአሮጌ ግንብ ላይ ያየ ቀን ምሳ አይበላም ነበር። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ክብደቱ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ነጭ ድንጋይ ውኃ ሲነካው ያለ እሳት ይፈላል፤ እንደ ገንፎ ይንተከተካል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ግንቡ ላይ ከገባ በኋላ ደግሞ ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ ድንጋይ ወደ መሆን ይመለሳል። የጎንደር ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው። ይህም ጀርመናዊ ገበሬ እዚህ ኮረብታ ላይ ድንጋይ አቃጥሎ ያደረገው ያንኑ ነው። ሰውዬው አባቴን አያውቀውም፤ አባቴም እሱን አያውቀውም። የሠሩት ግን አንድ ሥራ ነው።


ሠሪ እጅ

ገባኝ። ሲሚንቶውን ተውኩት። ኖራው ስንት ቀን ውኃ ውስጥ ይቆያል?


ጥርብ ድንጋይ

በቆየ ቁጥር ይሻላል። አባቴ ወራት ያቆየው ነበር። እዚህ በሱቅ የረጠበ ኖራ በባልዲ ይገኛል፤ ጊዜ ስለሌለኝ እሱን እጠቀማለሁ።


ቅጠል (ቨርጂኒያ)

«የሰፈራ ዘመን» ሲባል ለማን ሰፈራ እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ምድር ባዶ አልነበረም። የነባሮቹ የኮማንቼ ሕዝብ አገር ነበር።


ጥርብ ድንጋይ

ትክክል ነሽ። የሰማሁትንና ያነበብኩትን ላካፍል። ጀርመናውያኑን ወደዚህ ያመጣቸው የጀርመን መሳፍንት በ1842 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ኒው ብራውንፌልስ በ1845፣ ፍሬደሪክስበርግ በ1846 ተመሠረቱ። በ1847 የማኅበሩ መሪ ጆን ሞይስባክ ከኮማንቼ አለቆች ጋር በሳን ሳባ ወንዝ አካባቢ ተገናኝቶ የሰላም ውል አደረገ። በዚያ ውል መሠረት ሰፋሪዎቹና ኮማንቼዎች አንዱ በሌላው ምድር በሰላም መመላለስ ቻሉ። የቴክሳስ ሰዎች ስለዚህ ውል ዛሬም በኩራት ያወራሉ። ይሁን እንጂ ውሉ ኮማንቼዎችን አላስቀራቸውም። የመጨረሻዎቹ ከአለቃቸው ከኳና ፓርከር ጋር በ1875 ፎርት ሲል ወደሚባለው የጦር ሰፈር ገብተው እጃቸውን ሰጡ፤ ኑሯቸውም በዛሬዋ ኦክላሆማ ባለ ክልል ተወሰነ። ይህ ሽንት ቤት የተገነባው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቤቱን ካቆየነው በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይህም መጻፍ አለበት። እንዲያውም መጀመሪያው መስመር ላይ።


ቅጠል (ቨርጂኒያ)

እንዲህ ከሆነ እኔም እደግፍሃለሁ። እዚህ ሊንችበርግ አጠገብ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የቶማስ ጄፈርሰን የግል ማረፊያ የነበረው ፖፕላር ፎረስት አለ። ቤቱ መሠራት የጀመረው በ1806 ነው። ቤቱም ሁለቱ ሽንት ቤቶቹም ስምንት ማዕዘን ናቸው። ሽንት ቤቶቹ ከጡብ የተሠሩና ጉልላት ያላቸው ሲሆኑ ዛሬም ቆመዋል። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። አስጎብኚዋ ስለ ስምንት ማዕዘኑ ውበት ስታወራ የሰባት ዓመት ልጄ «ማን ነበር የሚያጸዳው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ዝም አልን። አስጎብኚዋ በእርሻው ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን በግልጽ ነገረቻት። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ልጄ ከቤት ገብታ ለአባቷ የነገረችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ዋናው ቤት የባለቤቱን ምኞት ያሳያል። ሽንት ቤቱ ደግሞ የባለቤቱንም የአገልጋዩንም ቀን ያሳያል። ኮሚቴው ይህንን ቢሰማ ምናልባት አይስቅም።


ዘበነ ጤና (ዳላስ)

እኔ አሁን ነርስ ነኝ። አገር ቤት ግን ለአምስት ዓመት በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ያ ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ዋና ሥራዬ ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? ሰው ሽንት ቤት እንዲቆፍር ማሳመን።

ስለዚህ ሰው ሲስቅ ዝም ብዬ አላይም። በር ለበር እየዞርኩ «ደጅ መውጣት ይቅር» ስል የሚስቁ ነበሩ። አንድ አባወራ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በአራተኛው ቀን ስመጣ ሚስቱ ራሷ ዶማ ይዛ ስትቆፍር አገኘኋት። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት «ጨለማ እስኪሆን መጠበቅ ሰለቸኝ» አለችኝ። ሴት ሆኖ ቀኑን ሙሉ ችሎ መሸት እስኪል መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያዊ 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። ያ የወረደው በንግግር ብቻ አይደለም፤ በዶማ ነው።

አሜሪካም በዚሁ መንገድ ነው የመጣችው። በ1909 ባለጸጋው ሮክፌለር 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በደቡብ 11 ግዛቶች መንጠቆ ትልን ለማጥፋት ኮሚሽን ተቋቋመ። ቴክሳስም አንዷ ነበረች። ትሉ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ትምህርት አይገባውም። ከተመረመሩት ልጆች 40 በመቶ ያህሉ ተይዘው ተገኙ። ሰው «የደቡብ ስንፍና» ይለው የነበረው በሽታ ነበር። መድኃኒቱ ጊዜያዊ ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ ጥሩ ሽንት ቤት ነበር። ኋላም በ1930ዎቹ፣ በኢኮኖሚው ውድቀት ጊዜ፣ የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ሲፈጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሽንት ቤቶች በየገጠሩ አሠርቷል፤ የሲሚንቶ ወለልና ዝንብ የማያስገባ ክዳን ያላቸው።

ያንተ ገበሬ ያንን የሠራው መንግሥት ሳያዘው፣ ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። ለልጁም ዝቅ ያለ መቀመጫ አበጅቶለታል። እኔ ሳስተምር ከነበሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ልጅ ትልቁን ቀዳዳ ይፈራል፣ ስለሚፈራም ውጭ ይወጣል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የውኃ ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል?


ጥርብ ድንጋይ

ሠላሳ አንድ እርምጃ። ሽንት ቤቱ ከፍ ያለው ላይ ነው።


ዘበነ ጤና (ዳላስ)

እንግዲያውስ ከዚያ ጉድጓድ ማንም እንዳይጠጣ፤ ለጠበልም ለቡናም እንዳይቀዳ። በአፈር ምድር ላይ ቢሆን አፈሩ ብዙውን ነገር ያጣራል። የኖራ ድንጋይ ምድር ግን ውስጡ ስንጥቅና ዋሻ ነው፤ ውኃው ሳይጣራ ይሮጣል። ለንደን ውስጥ በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው የኮሌራውን ምንጭ አንድ የሕዝብ የውኃ መቅጃ ፓምፕ ላይ ሲያገኝ፣ ኋላ ፓምፑ አጠገብ ያለ የፍሳሽ ጉድጓድ ግድግዳው ተሸርሽሮ ወደ ውኃው ሲሰርግ እንደ ነበር ታይቷል። የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ነበር የተደፋበት። በእናንተም አካባቢ በ1849 ሳን አንቶኒዮን ኮሌራ መትቷት ነበር፤ ጄኔራል ዊልያም ዎርዝ የሞተው በዚያ ነው። የጦር ሜዳ ያልጣለውን ሰው ውኃ ጣለው።

ቤቱን ጠብቁት፤ ጉድጓዱን ግን ዝጉት።


ጥርብ ድንጋይ

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። ጉድጓዱ አፉ ላይ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ነገውኑ ሄጄ በብረት ፍርግርግ እዘጋዋለሁ፤ ሕፃንም ሊገባበት ይችላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ።


መሪጌታ (አትላንታ)

ልጄ፣ ጽሑፍህን አነበብኩ። ዕድሜዬ ገፍቶ በዚህ መሣሪያ ብዙ አልጽፍም፤ ይህ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ነው። ኮሚቴውን ያሳሰበው ምናልባት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መጸዳጃ የነበረ ቤት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ይኑር ወይ የሚል ሐሳብ በልባቸው ሊኖር ይችላል፤ በአደባባይ ሊናገሩት ግን ያፍራሉ። ቤተ መቅደሱ ከሚቆምበት ስፍራ ምን ያህል ይርቃል?


ጥርብ ድንጋይ

አባቴ ይፍቱኝ። መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ በመካከሉም ቦይ አለ።


መሪጌታ (አትላንታ)

እንግዲህ ቅጽሩን ስታጥሩ ከቅጽሩ ውጭ አድርጉት። ነገሩ አለቀ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23ን አንብብላቸው። እስራኤል በሰፈር ሳሉ የሚወጡበት ስፍራ ከሰፈር ውጭ እንዲኖራቸው፣ ከዕቃቸውም ጋር መቈፈሪያ እንዲይዙ፣ ቈፍረውም እንዲከድኑ ታዘዋል። ምክንያቱም እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚሄድ ሰፈሩ የተቀደሰ ይሁን ይላል። እንግዲህ መጸዳጃን ከሰፈር አርቆ፣ ቈፍሮና ከድኖ ማበጀት የትእዛዝ ሥራ ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ያ ገበሬ ከቤቱም ከውኃውም አርቆ ሠርቶታል ብለሃል። ትእዛዙን አውቆ ያደረገው ይመስላል።

ለሚስቁት አትቈጣ። ሲያዩት ይተዉታል።


ጽዮን መንገድ (ኢየሩሳሌም)

መሪጌታ ኦሪትን ስላነሡ እኔም ከዚህ ልጨምር። የምንኖረው አርሞን ሐናጺቭ ሰፈር አቅራቢያ ነው። ልጆች የሚሮጡበት የእግር መንገድ አጠገብ የቅርስ ቆፋሪዎች ከድንጋይ የተፈለፈለ የመጸዳጃ ክፍል አግኝተዋል፤ ለሕዝብ የተነገረው በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ዕድሜው ወደ 2700 ዓመት ይጠጋል፤ የይሁዳ ነገሥታት ዘመን ማለት ነው። የድንጋይ መቀመጫው መሐሉ የተበሳና ለመቀመጥ እንዲመች የተቀረጸ ሲሆን ከሥሩ ጥልቅ ጉድጓድ አለው። በዚያ ዘመን የግል መጸዳጃ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበር የትልቅ ሰው ቤት መሆኑ ታውቋል።

የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ዳፍና ላንጉት ከጉድጓዱ አፈር ወስዳ በማይክሮስኮፕ ስታይ ወስፋትና ኮሶን ጨምሮ የአራት ዓይነት የሆድ ትል እንቁላል አገኘች። በሚያምር ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ባለጸጋም ኮሶ ነበረበት! እናቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ አዘጋጅተው ያጠጡን የነበረበት ያው ኮሶ። እኔ ይህንን ስሰማ ያ ሰው ከመጽሐፍ ወጥቶ ጎረቤቴ የሆነ መሰለኝ።

ሌላም አለ። በጥንታዊቷ የይሁዳ ከተማ በላኪሶ በር ላይ ከነበረ የጣዖት ቤት ውስጥ የድንጋይ መጸዳጃ መቀመጫ መገኘቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። ሲመረመር አንድም ቀን አገልግሎት ላይ እንዳልዋለ ታወቀ። ቆፋሪዎቹ ከንጉሥ ሕዝቅያስ ተሐድሶ ጋር ያያይዙታል፤ ስፍራውን ለማርከስ ብቻ ተቀመጠ ማለት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 10 ኢዩ የበኣልን ቤት መጸዳጃ ማድረጉን አስታውሱ።


ቆፋሪ (ፊላደልፊያ)

እኔ ሙያዬ ሌላ ቢሆንም ለሦስት በጋ በቅርስ ቁፋሮ ላይ በፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ወንድሜ፣ ስለ ግድግዳው ብዙ ተናገርክ። ከመቀመጫው በታች ስላለው ግን አልተናገርክም። ትልቁ ሀብት እዚያ ነው።

በድሮ ጊዜ የቆሻሻ መኪና የለም። ሰው የተሰበረውን ሳህን፣ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አጥንት፣ ሊደብቀው የፈለገውን ሁሉ የሚጥለው ሽንት ቤት ውስጥ ነበር። እርጥበቱና ጨለማው ደግሞ የፍሬ ዘር እንኳ ሳይበሰብስ ያቆያል። እዚህ ፊላደልፊያ ለአሜሪካ አብዮት ሙዚየም መሠረት ሲቆፈር በጡብ የተገነቡ አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ተገኙ። ወደ 85 ሺህ የሚጠጋ ቁራጭ ዕቃ ወጣ። ከመካከሉ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ የተሣለበት ትልቅ የመጠጥ ሳህን ነበር፤ ተሰባብሮ ሲገጣጠም የመርከቧ ስም «ትራይፊና» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። መጠጥ ቤት ነበር ቦታው። ሙዚየሙ በ2017 ሲከፈት ሳህኑም ገባ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ጉድጓዱን ራስህ አትቆፍር። በአካፋ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ጠርሙስ ያምራል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ካልተመዘገበ ግን ምስክርነቱ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ ስለ ቤቱ በፌስቡክ ሥዕል አትለጥፍ፤ ቢያንስ ቦታውን አትናገር። አሮጌ ጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች ሌሊት መጥተው ይቆፍሩታል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሁለት ሳምንት በብሩሽ የሠራነውን አንድ ሌሊት ገለበጡት። ጠዋት ስንደርስ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተሰበረ የሕፃን የሸክላ አሻንጉሊት እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለሽያጭ አይሆንምና ጥለውት ሄዱ።


ጥርብ ድንጋይ

ይህንን ካነበብኩ በኋላ የለጠፍኩትን ሥዕል አነሣሁ። አካፋዬንም ከዚያ አካባቢ አራቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቅዳሜ ልጀምር ነበር።


እናት ዓለም (ሲያትል)

አንድ ነገር ልጠይቅ። መንግሥት በቅርስነት ከመዘገበው በኋላ መሬታችን ላይ እንዳንሠራ ይከለክለናል ወይ? አባላቱን ይህ ያስፈራቸዋል።


ቆፋሪ (ፊላደልፊያ)

በ1966ቱ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የግል ባለቤትን በራሱ ገንዘብ ከመሥራት አያግድም፤ ገደቡ የሚመጣው የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲኖርበት ነው። ብዙ ሰውን ይህ ያሳስተዋል። በጠቅላላው ሕንፃው 50 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠበቃል፤ ያ አልፎታል። የቴክሳስ ታሪካዊ ኮሚሽን ደግሞ የራሱ የመታሰቢያ ምልክት አለው። ያንን ከወሰዳችሁ የውጭውን ገጽ ከመቀየራችሁ በፊት ለ60 ቀን አስቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ሳይመዘገብም ቢሆን መጠበቅ ይቻላል። መጀመሪያ ለካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን ስልክ ደውል፤ ብዙዎቹ በነጻ የሚያገለግሉ አረጋውያን ናቸው፤ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ።


እናት ዓለም (ሲያትል)

መልካም። እኔ አሁንም ቢሆን ቅድሚያ ለሕፃናቱ ክፍል እላለሁ። ነገር ግን ከሕንፃው ሣጥን የማይወጣ ከሆነና ማፍረሱ የበለጠ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ግባ። ንግግር አታብዛ። በግራ የማፍረሻው፣ በቀኝ የጥገናው። ገንዘብ ያዡ ያንን ወረቀት ካየ ከአንተ ጋር ይቆማል። እኔ ብሆን እቆም ነበር።


ጥርብ ድንጋይ፣ እሑድ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ስብሰባውን ከቅዳሴ በኋላ እዚያው መሬቱ ላይ እንድናደርገው ለመንኩ፤ ተፈቀደልኝ። የእናት ዓለምን ምክር ተከትዬ ወረቀቱን አደልኩ። ገንዘብ ያዡ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይህ ከሆነ ምን እንከራከራለን?» አሉ። አስተዳዳሪያችን ደግሞ ቅጽሩን በተመለከተ የመሪጌታን ቃል ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለፈው የሳቁት አባል ዝም ብለው ወደ ቤቱ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። ትንሿን መቀመጫ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ እንደ ቅል የለሰለሰውን። ቆይተው «ስንት ልጅ ነበረው?» አሉኝ። ስምንት እንደ ነበሩ የሸጡልን ሰዎች ነግረውን ነበርና ነገርኳቸው። «እኛም ስምንት ነበርን» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሲወጡ ግን ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያንዣበበውን የደረቀ የኦክ ቅርንጫፍ አይተው «ይህ በዚህ ክረምት ይወድቅበታል፤ መጋዝ አለኝ» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። በአንድ ድምፅ ብልጫ እንዲቆይ ተወሰነ። ከቅጽሩ ውጭ ይሆናል፣ ከሕንፃው ሣጥን ገንዘብ አይወጣም፣ ሥራውም እስከ ትንሣኤ ይለቅ ተባለ። የካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን ሰዎች በሚቀጥለው ወር መጥተው ይለኩታል። ከመቀመጫው በታች ያለውን እስከዚያ ማንም አይነካውም፤ የብረት ቀለበቱን ድንጋይ በሰንሰለት ቆልፌዋለሁ። የውኃ ጉድጓዱም ተዘግቷል።

ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ አካባቢ ያላችሁ የመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንጀምራለን። መጀመሪያ የምንሠራው በምሥራቅ በኩል ያለውን ማዕዘን ነው፤ ከታች ሦስት ድንጋይ ማያያዣው ታጥቧል። አሸዋውን ዛሬ ነፋሁት። የእጅ ጓንትና የዓይን መነጽር ይዛችሁ ኑ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ልጆች የምታመጡ ኖራው ካለበት በርሚል አርቋቸው፤ ድንጋይ ማቀበል ግን ይችላሉ።


ሠሪ እጅ (ዴንቨር)

ከዴንቨር በመኪና አሥራ አምስት ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ እደርሳለሁ። መሮዬን ይዤ ልምጣ ወይስ አለህ?


ጥርብ ድንጋይ

ይዘህ ና። የአባቴ መሮ አንድ ብቻ ነው።